በአንድ እርከን ሁለት ቀኜ አይቆምም

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ «እሱማ የኛው ነው» ትላላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ነገር ይመጣል። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ነገር አልፈልግም። እንዲያው አንድ ሸለቆ ነበር በሉና ስሙኝ፤ የመሰላችሁን ቤታችሁ ገብታችሁ አስቡ።

ሸለቆው እንደ ከብት ማጠጫ ገንዳ ረጅምና ጠባብ ነው። ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ ለሚሄድ ሰው ስንቅ ያስፈልገዋል፤ ከሰሜን ዳገት ወደ ደቡብ ዳገት ግን ተጣርቶ መሰማማት ይቻላል። ሁለቱም ዳገቶች ከታች እስከ ላይ በእርከን ተቆርጠዋል። ከላይኛው እርከን በኋላ ዙሪያውን የድንጋይ ካብ አለ። ከካቡ ማዶ ያለው «ውጭ» ይባላል፤ ሄደው የማይመለሱበት ነው ከማለት በቀር ስለ ውጭ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የዚያ አገር ሰው ሁለት ዓይነት ነው። ነጠላውን በቀኝ ትከሻው የሚጥለው ቀኜ፣ በግራ የሚጥለው ግሬ ይባላል። በቀረው፣ በመልክም በቋንቋም በጸሎትም ልዩነት የላቸውም። ሕፃኑ ቀኜ ይሁን ግሬ የሚወስነው አዋላጇ ግራኝ መሆን አለመሆኗ ነበር፤ በለመደችው እጅ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል ታደርግበታለች፤ በቃ፣ እስከ መቃብሩ ያው ነው። ይህን የሚያህል ጉዳይ ለአዋላጅ እጅ መተዋቸውን ሳስብ ያስቀኛል። ሌላው አገር በምን እንደሚወስን ሳስብ ደግሞ ሳቄን እውጠዋለሁ።

ሕጋቸው አንድ ነበር፦ በአንድ እርከን ላይ ሁለት ቀኜ አይቆምም፤ ሁለት ግሬም አይቆምም። አንድ ቀኜና አንድ ግሬ ከሆኑ ግን ማንም ምንም አይላቸውም። ይህን የሚያስከብር ዘበኛ የለም፣ አያስፈልግምም። አንድ ቀኜ ሌላ ቀኜ ወደ ቆመበት እርከን ሊወርድ ሲል የገዛ እግሩ እምቢ ይለዋል። ምንጩም ጥላውም ከታች ስለሆነ ሁሉም ታች መሆን ይወዳል፤ ግን ቀድሞ የመጣው ይይዘዋል፣ ቀጣዩ ከእሱ በላይ፣ ከዚያም በላይ፣ እንዲህ እየተደረደረ እስከ ካቡ ይደርሳል።

ንጉሡ ሁለት ነገር ይወዱ ነበር፤ ሕዝቡ ጸጥ እንዲልና ዝቅ እንዲል። «የበረደው ሰው ዝም ይላል፤ ዝም ያለ ሰው ዝቅ ይላል» ይሉ ነበር፤ ይህንንም አንድ ሰው ነግሯቸው ሳይሆን ራሳቸው ያገኙት ጥበብ ነው። ስለዚህ ሕዝቡን የሚያበርድ ሹም ሾሙ። የብርድ አጋፋሪ ብላታ ጎንጤ ይባላል።

የብላታ ጎንጤ ዘዴ ቀላል ነበር። ካቡን ከላይ ትንሽ ያወርደዋል። በዚያ አገር መሞቅና መናደድ አንድ ነው፤ የሞቀው ሰው ይዘላል። ካቡ ዝቅ ሲል በጣም የጋለው ዘሎ ማዶ ይወድቃል፤ የሚቀሩት ከእሱ የበረዱት ናቸው። ደግሞ ትንሽ ይወርዳል፣ ደግሞ ጥቂቶች ይሄዳሉ። ትኩስ አጥሚት እንፋሎቱ እየወጣ እንደሚበርደው መሆኑ ነው። እነማን ሄዱ ብትሉኝ፣ አንዱ ግጥም የሚገጥም፣ አንዱ ዳኛ የሚሞግት፣ አንዷ «ለምን?» የምትል። «ለምን» ማለት በዚያ አገር የታወቀ ትኩሳት ነው።

ብላታ መጀመሪያ ሲሾም አንድ ብልጠት ሞክሮ ነበር። «ጠብ የሚመጣው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው» ብሎ ቀኜን በሰሜኑ ዳገት፣ ግሬን በደቡቡ ዳገት ለያይቶ አስቀመጠ። ቀኜና ቀኜ ደግሞ በሕጉ ምክንያት ተጠጋግተው አያውቁም። ማንም ማንንም ስለማይነካ፣ የጋለው ንዴቱን እንደታቀፈ፣ የበረደውም እንደበረደ ቀረ። ካቡን ቢያወርድ የሚዘል ጠፋ፣ ሥራው ቆመ። ሰው ከሰው ሲጋጭ ነው እንጂ ትኩሳት የሚዘዋወረው፤ አንዱ የሌላውን ንዴት ጨምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ቀለል ብሎት ይቀመጣል። ብላታም ይህን ሲረዳ መልሶ ደባለቃቸውና አዋጅ አስነገረ፦ «ሕዝቡ ተከባብሮ ይጋጭ።»

በላይኛው እርከን፣ ከካቡ ሥር፣ ይመኙሻል የምትባል ቀኜ ትኖር ነበር። ገመድ ትገምዳለች፤ አፏ ደግሞ ሚጥሚጣ ነው። እናቷ እማማ እናኑ የሚኖሩት ከታችኛው እርከን፣ ከምንጩ አጠገብ ነው። እሳቸውም ቀኜ ናቸው። ይመኙሻል ጡት ከጣለች ጀምሮ ከእናቷ ጋር ባንድ እርከን ቆማ አታውቅም። ጸጉሯን የጎነጎነላት ሌላ ሰው ነው፤ ስትታመም ግንባሯን የዳሰሳትም ሌላ ሰው ነው። እናትና ልጅ የሚጨዋወቱት በጩኸት ነበር።

«እምዬ! ጉልበትሽ ዛሬ እንዴት ነው?»

«የሚያሸው ባገኝ ደህና ነበር!»

«እኔንም ያመኛል» ይላል ከመካከል ያለ አንዱ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

እንዲህ እያሉ ሲኖሩ አንድ ቀን አዋጅ ተነገረ። የጸጥታ በዓል ደርሷልና፣ በበዓሉ ማግስት ካቡ ከላይኛው እርከን ሰው ጉልበት ዝቅ ይላል። ይመኙሻል የሰማችው ገመድ እየገመደች ነው። ጉልበቷን አየች፣ ካቡን አየች፤ ራሷንም ታውቃለች። ካቡ እዚያ ከደረሰ ባንዱ ቀን መናደዷ አይቀርም፤ ያኔ ማዶ ናት። እናቷን ደግሞ በጩኸት እንኳ አታገኛቸውም።

ከሷ በታች ወዳለው እርከን ጠርዝ ሄዳ፣ እዚያ ያለችውን ቀኜ ለመነቻት።

«እህቴ፣ ትንሽ ጠጋ በይልኝ።»

«ብጠጋስ? እግርሽ እምቢ ይልሻል እኮ።»

እውነቷን ነው፤ እግሯ እምቢ አላት። ከዚያች በታች ያለውን ቀኜ ደግሞ አንገቷን አስግጋ ጠየቀችው። እሱ እንኳ ሥርዓት አዋቂ ነው።

«ተራ ጠብቂ» አላት። «ከኔ በታች ያሉት ሰውዬ ሲያርፉ እኔ እወርዳለሁ። እኔ ስወርድ ከኔ በላይ ያለችው ትወርዳለች። ከዚያ አንቺ።»

«እስከዚያ ካቡስ?»

«ካቡ የኔ ክፍል አይደለም።»

ብላታ ጎንጤ በዚያው ሰሞን ካቡን ሊለካ መጣ። ይመኙሻል ገመዷን ጥላ ተነሳች።

«ብላታ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም። ሞቀሽ እንጂ።»

«ከሞቀኝ ምን ላድርግ?»

«ብረጂ።»

«እንዴት ነው የሚበረደው?»

«በመረጋጋት ነዋ» አላት፣ እንደሚያዝንላት ሁሉ ራሱን ዘንበል አድርጎ። ይህን ሲላት ይበልጥ ሞቃት።

አሁን ስለ ከበሮው ልንገራችሁ። በቤተ መንግሥቱ ደጃፍ አንድ ታላቅ ከበሮ ተሰቅሏል። አይመታም። ጠፍሩ ሲወጠር ቀኜና ግሬ ጎን ለጎን እያለፉ እንደ ባዕድ ይተላለፋሉ። ጠፍሩ ፈጽሞ ሲላላ ደግሞ ሁለት ሁለት እየሆኑ እንደ ጥማድ በሬ ይጣበቃሉ ይባላል። ምክንያቱን እኔም አላውቅ፣ እነሱም አያውቁ። የሚያውቁት፣ ጠፍሩን የነካ ሹም ማዕረጉ እንደሚገፈፍ ነው።

በዓሉ ሲቃረብ ንጉሡ ብላታን አስጠሩት። «ይኸው በረዱ ትለኛለህ፤ ዛሬም እስከ ላይ እንደተደረደሩ ናቸው። ለምን አይወርዱም? ዕብሪት ነው?» አሉት። ቦታ ስለሌለ ነው ብሎ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም ይሄኔ ማዶ ነው። ብላታም ጭንቅ ያዘው። «ትንሽ ባላላው በደንብ ይጋጫሉ፤ በደንብ ከተጋጩ ቶሎ ይበርዳሉ» ብሎ አሰበና ከበሮ ጠባቂው ምሳ ሊበላ ሲሄድ ጠፍሩን በገዛ እጁ ሳብ አድርጎ ለቀቅ አደረገው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ጠፍሩ ያልተወጠረም ፈጽሞም ያልላላ ሆኖ ልክ መሐል ላይ ቆመ። እዚያ ላይ ቆሞ አያውቅም ነበር።

በዚያው ቅጽበት ላይኛው እርከን ላይ ይመኙሻል አንድ ነገር ልትጮህ አፏን ከፍታ ነበር፤ ሰው ትከሻዋን የደገፋት መሰላትና ዘወር አለች። ማንም የለም። ጥቂት እርከኖች ዝቅ ብሎ የሚኖር ጓንጉል የሚባል ግሬ፣ ወንፊት የሚጠግን ዝምተኛ ሰው፣ ቀና ብሎ እያያት ነው።

«አንተ ነህ?» አለችው።

«እንጃ። እኔ ነኝ መሰለኝ።»

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ምንም። አንቺ ስትነሺ እኔ ተነሳሁ።»

ይህ ጋብቻ አይደለም፤ ፍቅር ነው እንዳልላችሁም በመካከላቸው ብዙ ሰው አለ፣ እጅ ለእጅም አልተነካኩም። ብቻ በዚያች ሰዓት በሸለቆው ያለ ቀኜ ሁሉ አንድ ግሬ እንደደገፈው፣ ግሬውም ሁሉ አንድ ቀኜ እንደደገፈው ታወቀው። ሕጉ ደግሞ ስለ ቀኜ ያውቃል፣ ስለ ግሬም ያውቃል፤ ስለ ጥንድ ግን አንድ ቃል የለውም። ይመኙሻል እግሯን ወደ ታችኛው እርከን አነሳችና እምቢታውን ጠበቀች። አልመጣም። ወረደች። ጓንጉልም ከነበረበት ወረደ። ከዚያም በታች ወረደች፤ እየሮጠች ስትወርድ ያ ሥርዓት አዋቂው ሰው ራሱ ተራ ሳይጠብቅ ሲወርድ አገኘችው፤ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም።

ከታችኛው እርከን ስትደርስ እማማ እናኑ ምንጩ ዳር ቁጭ ብለዋል። ዓይናቸውን አላመኑም።

«እምዬ፣ ትንሽ ጠጋ በይልኝ» አለቻቸው።

ጠጋ አሉ። ጎናቸው ተቀመጠች። እናቲቱ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ጸጉሯን ዳሰሱ። «ማነው እንዲህ አድርጎ የጎነጎነሽ? ዓይን የለውም?» አሉና አለቀሱ። ይመኙሻልም ጉልበታቸውን ማሸት ጀመረች። እኔም እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ፊቴን አዞራለሁ፤ እናንተም አትዩኝ፣ ልቀጥል።

በበዓሉ ቀን ንጉሡ በሰገነት ብቅ ሲሉ እርከኖቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ሕዝቡ በሙሉ ከታችኛው እርከን ላይ፣ ዝቅ ብሎ፣ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ንጉሡ ከደስታቸው ብዛት እንባ ተናነቃቸው። ብላታን ካባ አለበሱት።

«ሕዝቤ ሆይ» አሉ፣ «እንዲህ ጸጥ ስትሉ እንዴት ታምራላችሁ!»

«ጸጥ አላልንም» አለች አንዲት ሴት ከታች። «እየተደማመጥን ነው።»

የማን ድምፅ እንደሆነ መቼም ነግሬያችኋለሁ። ብላታም ያን ድምፅ ያውቀዋል።

«ያቺን አምጥተህ ከካቡ ማዶ ጣልልኝ» አሉ ንጉሡ።

ብላታ ወታደሮቹን አስከትሎ ወረደና ረጅም ዘንግ ወደ ሕዝቡ ሰደደ፤ በዘንጉ ገፍቶ ሊለያት ነው። ዘንጉ ገባ። ማንም አልገፋውም፣ ማንም አልተጋፋውም፤ አልሸሹም ዞር አሉ። ዘንጉ በመካከላቸው አልፎ በወዲያኛው ወገን ወጣ፣ እነሱም ከኋላው ተመልሰው ገጠሙ። ደጋግሞ ሞከረ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

ይመኙሻል ልትነሳ አለች። «የሚፈልጉት እኔን ነው። ለኔ ብሎ ሌላ ሰው ከሚጎዳ ልሂድላቸው።»

«ቁጭ በይ» አሉ እማማ እናኑ። «ገና መምጣትሽ ነው።»

«ደሞ ብትሄጂ እኔ መነሳቴ ነው» አለ ጓንጉል ከሩቅ። «እኔ ከተነሳሁ…» ብሎ ዙሪያውን አየ። ሕዝቡ ሁሉ ከወገቡ ብድግ ብሏል። ይመኙሻል ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ሁሉም ተቀመጡ።

ብላታ በኃይል ያልሆነለትን በጥያቄ ሊያገኘው ሞከረ። ጥንዷን ከያዝኩ እሷን አገኛለሁ ብሎ ነው።

«የይመኙሻል ጥንድ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጓንጉል። «እኔን የደገፈችኝ ግን ከምንጩ ወዲያ ያለችው ባልቴት ትመስለኛለች።»

«እኔስ የደገፈኝ ያ ረጅሙ ነው» አለች ባልቴቷ።

«እኔን ይመኙሻል» አለ ረጅሙ።

ማንም አልዋሸም። ጥንዶቹ እርስ በርሳቸው ተደራርበው፣ የአንዱ ድጋፍ በሌላው መካከል እያለፈ፣ የቱ የማን እንደሆነ እነሱም አይለዩትም ነበር። ጠፍሩ ፈጽሞ ቢላላ ኖሮ ሁለት ሁለቱን እየለቀሙ ማውጣት ይቻላል። ፈጽሞ ቢወጠር ደግሞ አንድ አንዱን። መሐል ላይ ግን የሚለቀም ነገር የለም። ብላታ ይህን ሳያውቀው አልቀረም፤ ከበሮው ዘንድ ሮጦ ጠፍሩን መወጠር ነበረበት። ግን «ለምን ትወጥረዋለህ?» ቢሉት ማን እንዳላላው ሊናገር ነው። ካባው ገና አልሞቀውም ነበርና ዝም አለ።

«አማስሏቸው!» አሉ ንጉሡ ከላይ። «ስትፈጥኑባቸው ይበታተናሉ።»

ወታደሮቹ ዘንጎቻቸውን እንደ ማማሰያ ይዘው ዙሪያውን መሮጥ ጀመሩ። ቀስ ሲሉ ምንም አልሆነም። ፈጠኑ። ይኼኔ ሕዝቡ በየቦታው ክብ እየሠራ ይዞር ጀመር። ክቦቹ እኩል ተራርቀው፣ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። ወታደሮቹ በፈጠኑ ቁጥር አዲስ ክብ ይጨመራል፤ ሌሎቹም ቦታ ይለቁለትና ተስተካክለው ይሰለፋሉ። ከላይ ለሚያየው ልብ ያጠፋል።

«ይህን ሰልፍ ማን አዘጋጀው?» አሉ ንጉሡ፣ ንዴታቸውን ረስተው።

«አገልጋይዎ ነኝ» አለ ብላታ፣ ላቡን እየጠረገ።

ንጉሡ አጨበጨቡ። መኳንንቱም አጨበጨቡ። ወታደሮቹ ደክሟቸው ቆሙ፤ ክቦቹ ግን አልቆሙም። ንጉሡ «በቃ» አሉ፤ አልቆሙም። «በቃ በላቸው!» አሉት ብላታን፤ ብላታ ጮኸ፤ እንደዚያው ይዞራሉ። እማማ እናኑ በጉልበታቸው እያማረሩ፣ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ፣ አንድ ጊዜ ሳቅ እያሉ አንድ ጊዜ «ኧረ ቀስ» እያሉ ይዞራሉ። ያን ጊዜ ንጉሡ ማጨብጨባቸውን አቆሙ።

ከዚያ መከሩ። አንዱ መኮንን አንድ ሐሳብ አመጣ፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ ከመኮንን እንጂ ከሌላ አይመጣም።

«ያጣበቃቸው ካቡ ነው» አለ። «ካቡን በሙሉ እናፍርሰው። መግቢያ መውጫው ሲከፈት ሁሉም በየፊናው ይሮጣል፤ እሷ ብቻዋን ስትቀር እንይዛታለን። ሸለቆው ረጅም ስለሆነ የሚሮጡት ወደ ሁለቱ ጫፎች ነው። ሠራዊቱን በምሥራቅና በምዕራብ እናቁም።»

ለማንም ሰው ትክክል የሚመስል ነገር ነው። ሠራዊቱ በሙሉ ወደ ሁለቱ ጫፎች ሄዶ ጦሩን ቀስሮ ቆመ። ካቡ በአንድ ጊዜ ተናደ።

ሊጥ በእጃችሁ ጨብጣችሁ ታውቃላችሁ? ስትጨብጡት በርዝመቱ አይሄድም፤ ባፈናችሁት በኩል፣ በዚያው በጣቶቻችሁ መሐል ይወጣል። ያ ሕዝብ በርዝመቱ አልተጨነቀም ነበር፤ ወደ ጫፎቹ ቦታ ሞልቶታል። የታፈነው በጎኑ ነው፤ ከሰሜን ዳገትና ከደቡብ ዳገት መካከል። ካቡ ሲነሳ ወደ ጫፎቹ ቀስ ብሎ ጥቂት ተንፈስ አለ፤ ወደ ጎን ግን እንደ ጎርፍ ተነሳ። እርከኖቹን በአንድ እርምጃ አለፈ። ቤተ መንግሥቱ ደግሞ ያለው በሰሜኑ ዳገት አናት ላይ ነው፤ ጠባቂ የሚባል አንድ ሰው ያልቀረለት።

ሕዝቡ በግቢው አለፈ። በእልፍኙ አለፈ፣ በጓዳው አለፈ። አንድ ጋን አልሰበረም፣ አንድ ምንጣፍ አላጠፈም። ንጉሡ ዙፋናቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሲያዩ፣ ይመኙሻል እናቷን አዝላ በአዳራሹ መካከል መጣች።

«ደህና ዋሉ» አሉ እማማ እናኑ ከጀርባዋ ላይ፤ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ሰው ቤት ገብተው ሰላም ሳይሉ አይወጡም። አልፈው ሄዱ።

ሁሉም ካለፈ በኋላ ንጉሡና ብላታ ጎንጤ ብቻ ቀሩ። ሠራዊቱ አሁንም በምሥራቅና በምዕራብ ጦሩን እንደቀሰረ ይጠብቃል። ንጉሡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያቺ ሴት» አሉ፣ «አሁን ያለፈችው እሷ አይደለችም?»

«እሷ ናት።»

«እንግዲያው ትእዛዜ ተፈጽሟል። ውጭ ወጥታለች፤ አስነግር።»

ብላታ ወደ መስኮቱ ሄደ። ካቡ የነበረበትን ፈለገ፤ ሣርና ድንጋይ ነው። ወዲህ አየ፣ ሸለቆው አለ። ወዲያ አየ፣ ዳገት አለ፣ ከዳገቱም በኋላ ሌላ ዳገት፤ በሁሉም ላይ ሰው እየተጠራራ ይሄዳል። ካባውን ከትከሻው ላይ አስተካከለ።

«አስነግራለሁ፣ ንጉሥ ሆይ» አለ። «ግን ከምን ውጭ ልበል?»